መደጋገፍ መጠባበቂያ አይደለም፦ የመስክ ቀረጻን በቤት ሰርቨር ስለማስቀመጥ

መግቢያ

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከመስክ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ነገር ዛሬ በአብዛኛው ፋይል ነው። የቃለ መጠይቁ ድምፅ፣ የክዋኔው ቪዲዮ፣ ፎቶግራፉና የፈቃድ ቅጹ ሁሉ በሃርድ ዲስክ ይቀመጣሉ። መጠኑ እያደገ ሲሄድ ብዙዎቻችን ከአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት እንሸጋገራለን፤ በመጨረሻም ሁሉንም በአንድ ሳጥን የሚሰበስብ አነስተኛ የማከማቻ ሰርቨር እንገዛለን ወይም ከአሮጌ ኮምፒውተር እንሠራለን። በዚሁ ሰርቨር ላይ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ ፊልምና ሙዚቃም አብሮ ይከማቻል። ያን ጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «የትኛውን የሬይድ ደረጃ ልምረጥ?» የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄው ከተሳሳተ ቦታ ይጀምራል ብሎ ይከራከራል። ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው «ከዚህ ሁሉ ፋይል ዳግመኛ ሊገኝ የማይችለው የትኛው ነው? መጠኑስ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ መልስ ያገኘ ሰው የዲስክ አደረጃጀቱን በቀላሉ ይመርጣል። መልስ ያላገኘ ሰው ግን ገንዘቡን ፊልም ለመጠበቅ ያውልና የመስክ ሥራውን ለአደጋ ያጋልጣል።

ከመቀጠል በፊት ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ «መደጋገፍ» የሚባለው በአንድ ሰርቨር ውስጥ ያሉ ዲስኮች አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይዘቱን እንዲተኩ ሆነው መደራጀታቸው ነው። «መጠባበቂያ ቅጂ» የሚባለው ደግሞ ከሰርቨሩ ተለይቶ፣ በሌላ ዲስክና በሌላ ቦታ የሚቀመጥ ቅጂ ነው። ሁለቱ የሚከላከሉት አደጋ የተለያየ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

አንድ ገጠመኝ

ይህን አስተያየት ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ወረዳ ተመላልሼ ሙሾ አውጪዎችን ቀረጽኩ። የተሰበሰበው ድምፅ 43 ሰዓት ያህል ነበር። ቀረጻውን እቤቴ ባቆምኩት ባለ አራት ዲስክ ሰርቨር ላይ በሬይድ 5 አስቀመጥኩት። አንድ ዲስክ ቢሞት ምንም እንደማይጠፋ ስለማውቅ ከመቅረጫው ካርድ ላይ ያለውን አጥፍቼ ካርዱን ለሌላ ሥራ አዋልኩት።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ተመለሰ፤ ከአራቱ ዲስኮች አንዱ ግን አብሮ አልተመለሰም። በሳምንቱ አዲስ ዲስክ ገዝቼ ተካሁና ሰርቨሩ የጎደለውን መልሶ መገንባት ጀመረ። ሥራው ከግማሽ ካለፈ በኋላ ሌላ ዲስክ፣ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዛው፣ መነበብ አቆመ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ በጽሑፍ ግልበጣ ሊያግዘኝ ፈልጎ ባልደረባዬ በራሱ ላፕቶፕ የወሰደው 11 ሰዓት ብቻ ነበር። በብዙ ወጪ ያደራጀሁት መከላከያ ከሽፎ፣ ማንም መከላከያ ነው ብሎ ያላሰበው የባልደረባ ቅጂ አዳነኝ።

ከጠፉት ውስጥ በቀረጻው ማግስት ዓመት ያረፉ የአንዲት እናት ድምፅ ይገኝበታል። ልጆቻቸው ለሙት ዓመታቸው የእናታቸውን ድምፅ ቅጂ ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው አልነበረኝም። ስለ ዲስክ የማነሣው ጉዳይ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው፤ መረጃ አቀባዮቻችን ድምፃቸውን የሰጡን እንደምንጠብቀው አምነው ነው።

ሬይድ ምን ለማድረግ ታሰበ?

ሬይድ በሚል ስም የሚታወቀው ሐሳብ በስፋት የታወቀው ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ በጊዜው እጅግ ውድ የነበረውን አንድ ትልቅ ዲስክ በብዙ ርካሽ ትናንሽ ዲስኮች መተካት ነበር። ዲስኮቹ በበዙ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ የመበላሸት ዕድሉ ስለሚጨምር፣ ብልሽቱ ሥራ እንዳያቋርጥ ትርፍ መረጃ አብሮ እንዲጻፍ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሬይድ 1 ሁለት ዲስኮች መንትያ ሆነው አንድ ዓይነት ይዘት ይይዛሉ። በሬይድ 5 የመረጃው ክፍሎች በዲስኮቹ ላይ ተበትነው፣ ከእነርሱ በስሌት የሚገኝ ፓሪቲ የሚባል ተጨማሪ ክፍል አብሮ ይጻፋል፤ አንዱ ዲስክ ሲጎድል የጎደለው ከቀሩትና ከፓሪቲው ተሰልቶ ይገኛል። ሬይድ 6 ሁለት ዓይነት ፓሪቲ ስለሚይዝ የሁለት ዲስኮችን መበላሸት ይቋቋማል።

እንግዲህ የሬይድ ዋነኛ አገልግሎት የሥራ አለመቋረጥ ነው። ዲስክ ሲበላሽ የባንክ ሠራተኛ ደንበኛውን፣ የሆስፒታል ሠራተኛ ታማሚውን ሳያቋርጥ ማስተናገዱን እንዲቀጥል ያደርጋል። የእኛ ችግር ግን ሌላ ነው። የአንድ ተማሪ ሰርቨር ለሁለት ቀን ቢቆም የሚጎዳው ትዕግሥቱ ብቻ ነው፤ ቀረጻው ቢጠፋ ግን የሚጎዳው ጥናቱ ነው። ሬይድ በስሕተት የተሰረዘን ፋይል አይመልስም፤ ስረዛው በዚያው ቅጽበት በሁሉም ዲስኮች ላይ ይፈጸማልና። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ቫይረስ፣ ከስርቆት፣ ከእሳትና ከጣሪያ ፍሳሽም አያድንም፤ ሁሉም ዲስኮች በአንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው።

ስሌቱ የሚለውና የማይለው

የዲስክ መበላሸት ብርቅ አይደለም። ሽሮደርና ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት፣ በትላልቅ ተቋማት ውስጥ በየዓመቱ የሚተኩ ዲስኮች ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ በአንዳንድ ቦታም እስከ 13 በመቶ እንደሚደርስ አሳይተዋል። በዓመት 3 በመቶ ብለን ብንነሣ፣ ከአራት ዲስኮች ቢያንስ አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ የመበላሸቱ ዕድል 11 በመቶ ተኩል ያህል ይሆናል። በአምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ 46 በመቶ ይጠጋል። የአንድ ዶክትሬት ጥናት ዕድሜ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛው ቁጥር መልሶ የመገንባት ጊዜ ነው። 8 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ያለማቋረጥ ቢጻፍበት ለመሙላት 15 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሰርቨሩ ሌላ ሥራም እየሠራ ከሆነ ይበልጥ ይረዝማል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሬይድ 5 ያለ መከላከያ ይቆያል፤ የቀሩት ዲስኮችም ከወትሮው የበዛ ሥራ ይጫንባቸዋል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የንባብ ስሕተት ነው። ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጡ ብዙ ዲስኮች መግለጫ፣ በየ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ ከአንድ የማይበልጥ የማይታረም ስሕተት እንደሚያጋጥም ይናገራል። ይህ 12 ቴራባይት ተኩል ያህል ማለት ነው። ባለ አራት ዲስክ ሰርቨር፣ እያንዳንዱ 8 ቴራባይት ሞልቶ ከሆነ፣ አንዱን መልሶ ለመገንባት የቀሩትን 24 ቴራባይት ማንበብ አለበት። መግለጫውን እንደ አማካይ ቁጥር ወስደን ብናሰላ፣ ያለ አንድም ስሕተት የመጨረስ ዕድሉ ከ15 በመቶ አይበልጥም። ከዚህ ተነሥተው «ሬይድ 5 ሞቷል» የሚሉ አሉ። ይህ ድምዳሜ ግን የተጋነነ ይመስለኛል። በመግለጫው የተጻፈው የላይኛው ወሰን እንጂ አማካይ አይደለም፤ ጤናማ ዲስክ በተግባር ከዚህ እጅግ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከስሌቱ በስተጀርባ ያለው ግምት ነው። የመጀመሪያው የሬይድ ስሌት የዲስኮች ብልሽት አንዱ ከሌላው ነጻ እንደሆነ ይገምታል። ከላይ የጠቀስኩት የ2007 ጥናት ግን የዲስኮች መተካት በጊዜ የተያያዘና ተከታትሎ የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል። በቤት ሰርቨር ዘንድ ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ዲስኮቹ በአንድ ቀን የተገዙ፣ ምናልባትም በአንድ ሳምንት የተመረቱ ናቸው። በአንድ የኤሌክትሪክ ገመድ ይጠቀማሉ፤ በአንድ ሙቀት ይሞቃሉ፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣውን ከፍተኛ ኃይል አብረው ይቀበላሉ። አንዱን የገደለው ነገር ሌላውን አድክሞት ሊሆን ይችላል።

ዲስኩ አስቀድሞ ያስጠነቅቀኛል ብሎ መተማመንም አይበጅም። የጎግል ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ባቀረቡት ሰፊ ጥናት፣ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋና ከሚባሉት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም። ይህ ማለት ግን ምልክት ሲታይ ችላ ይባላል ማለት አይደለም። በዚሁ ጥናት የመጀመሪያው የምርመራ ስሕተት የታየበት ዲስክ፣ ስሕተት ካልታየበት ይልቅ በ60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 39 እጥፍ ነበር።

ውዱ ትንሽ ነው

እንግዲህ ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። የአንድ ተማሪ የመስክ ሥራ ስንት ቦታ ይይዛል? በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀረጸ ባለ ሁለት ቻናል ድምፅ በሰዓት አንድ ጊጋባይት ያህል ነው፤ 60 ሰዓት ቢቀረጽ 62 ጊጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀረጽ ቪዲዮ በሰዓት 22 ጊጋባይት ተኩል ይይዛል፤ 40 ሰዓት ቢቀረጽ 900 ጊጋባይት ነው። ፎቶግራፉ፣ የተገለበጠው ጽሑፍና የፈቃድ ቅጹ ቢጨመርም ድምሩ አንድ ቴራባይት አካባቢ ነው።

በ24 ቴራባይት ሰርቨር ላይ ይህ ከሃያ አንድ እጅ ያህል ነው። የቀረውን ቦታ የሚይዘው በአብዛኛው ፊልም፣ ተከታታይ ድራማና ከኢንተርኔት የወረደ ትምህርት ነው። ሁሉንም በአንድ የሬይድ 5 ስብስብ ስናስቀምጥ ዳግመኛ ሊወርድ ለሚችል ፊልምና ዳግመኛ ለማይገኝ ድምፅ እኩል ጥበቃ ሰጠን ማለት ነው። ይህም ለፊልሙ ከሚገባው በላይ፣ ለድምፁ ደግሞ ከሚገባው በታች ነው።

ስለዚህ ፋይልን በሦስት ክፍል መመደብ ይገባል። አንደኛው ዳግመኛ የማይገኝ ነው፦ የመስክ ቀረጻ፣ የፈቃድ ቅጽ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ። ሁለተኛው በድካም ዳግመኛ የሚሠራ ነው፦ የተገለበጠ ጽሑፍ፣ የተቀናበረ ቪዲዮ፣ ካሴቱ በእጅ እስካለ ድረስ ከካሴት የተቀዳ ድምፅ። ሦስተኛው በማንኛውም ጊዜ ዳግመኛ የሚገኝ ነው፦ ፊልም፣ ሙዚቃ፣ የታተመ ጽሑፍ። ካሴቱ ከተበላሸ ወይም ማጫወቻው ከጠፋ ሁለተኛው ወደ አንደኛው እንደሚሸጋገር ማስተዋል ያስፈልጋል።

የአራቱ ዲስኮች ሌላ አደረጃጀት

እኔ ዛሬ አራት እኩል ዲስኮች ቢሰጡኝ እንዲህ እመድባቸዋለሁ። ሁለቱን በሰርቨሩ ውስጥ መንትያ አድርጌ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ክፍል ፋይል አስቀምጥባቸዋለሁ። ሦስተኛውን በሌላ ሰፈር፣ በዘመድ ቤት ወይም በቢሮ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ ማኖሪያ አደርገዋለሁ። አራተኛውን ያለ አንዳች መደጋገፍ ለፊልምና ለሙዚቃ እተወዋለሁ። ዲስኮቹ 8 ቴራባይት የሚይዙ ከሆነ፣ በሬይድ 5 አገኘው የነበረው 24 ቴራባይት ወደ 16 ይወርዳል። የጥበቃው ዋጋ ይህ 8 ቴራባይት ነው፤ የሚከፍለውም የፊልሙ ክምችት ነው።

የሦስተኛው ክፍል ፋይል በጣም የበዛበት ሰው፣ ፓሪቲውን በየጊዜው ብቻ የሚያሰሉና እያንዳንዱን ፋይል በአንድ ዲስክ ላይ ሙሉውን የሚያስቀምጡ እንደ ስናፕሬይድ ያሉ ፕሮግራሞችን ሊጠቀም ይችላል። በእነዚህ ከታሰበው በላይ ዲስክ ቢበላሽ የሚጠፋው በተበላሹት ላይ ያለው ብቻ ነው፤ የቀሩት ዲስኮች እንደ ወትሮው ይነበባሉ። እምብዛም ለማይለወጥ የሚዲያ ክምችት ይህ ተስማሚ ነው።

የመጠባበቂያ ቅጂው አያያዝ ጥቂት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዲስኩን ለማደስ ወደ ቤት ማምጣት ሁሉንም ቅጂዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባስባል፤ ስለዚህ አዲሱን ፋይል በፍላሽ ይዞ ዲስኩ ወዳለበት መሄድ ይሻላል። የመረጃ አቀባዮች ምስጢር በውስጡ ስላለ ዲስኩ በይለፍ ቃል የተመሰጠረ ይሁን፤ ቃሉን ግን ከባለቤቱ ሌላ አንድ የታመነ ሰው፣ ለምሳሌ አማካሪው፣ ይወቀው። ከእያንዳንዱ ፋይል ይዘት በስሌት የሚወጣው መለያ ቁጥር፣ ቼክሰም የሚባለው፣ ተመዝግቦ ቢቀመጥ ቅጂው ሳይለወጥ መቆየቱን ማረጋገጥ ይቻላል። በየስድስት ወሩም ከዚያ ዲስክ ላይ ጥቂት ፋይሎችን ከፍቶ መስማት ያስፈልጋል፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

መብራትን በተመለከተ፣ ፓሪቲ በሚጠቀም ስብስብ ላይ መረጃው ተጽፎ ፓሪቲው ሳይጻፍ ኃይል ቢቋረጥ ሁለቱ የማይጣጣሙ ሆነው ይቀራሉ፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ዲስክ ተበላሽቶ መልሶ መገንባት ሲጀመር ሊሆን ይችላል። እንደ ዜድኤፍኤስ ያሉ የፋይል ሥርዓቶች ይህን ችግር በአጻጻፋቸው ያስቀሩታል። ቢሆንም ኃይል ሲቋረጥ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያዝዝ ዩፒኤስ ከአምስተኛ ዲስክ በፊት መገዛት አለበት።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«በኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ይበቃል» የሚል ይኖራል። አቅም ላለው መልካም ነው። ነገር ግን በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር አንድ ቴራባይት ለመላክ ያለማቋረጥ 18 ቀን ተኩል ያስፈልጋል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ የሚጠየቅ ሲሆን ካርዱ ያልተከፈለበት ወር ሥጋት ይሆናል። ድምፁንና ጽሑፉን በኢንተርኔት፣ ቪዲዮውን በሌላ ሰፈር ባለ ዲስክ ማስቀመጥ አስታራቂ መንገድ ነው።

«ሬይድ 6 ብጠቀምስ?» ለሚለው፣ ከሬይድ 5 በእርግጥ ይሻላል፤ ከሌባና ከእሳት ግን አንድ ሳጥን አንድ ሳጥን ነው። «ኃላፊነቱ የተማሪው ሳይሆን የተቋሙ ነው» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የበለጠ እውነት አለው። መጽሐፉን በቅጂ አስጠርዘን እንድናስገባ እንጠየቃለን፤ መጽሐፉ የተመሠረተበትን ቀረጻ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቀንም። ሆኖም ተቋሙ እስኪዘጋጅ ድረስ ዲስኩ አይጠብቅም።

የቦታ ልዩነት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከራሳችን ታሪክ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ሲያነሣ፣ ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች መጻሕፍቱ ያሉበት ገዳም ሳይደርሱ የሚያነቧቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ሥራው በዕቅዱ ውስጥ ሁለተኛውን ቦታ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስገብቶ ነበር።

መደምደሚያ

የቤት ሰርቨር ዕቅድ ከሬይድ ደረጃ ሳይሆን ከማይተካው ፋይል ይጀምር፤ የመጀመሪያው ትርፍ ዲስክም ከሳጥኑ ውጭ፣ ከቤቱም ውጭ ይሁን። ለትምህርት ክፍሎችም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ በጥናት ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ቀረጻው በስንት ቅጂ፣ በየትኞቹ ቦታዎች፣ በማን እጅ እንደሚቀመጥ የሚገልጽ አንድ ገጽ ይካተት፤ ከመጨረሻው የመከላከያ ቀን በፊትም አንድ ቅጂ ለክፍሉ ገብቶ ተከፍቶ ይታይ። ወጪው የአንድ ዲስክ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ይህን ገጽ ዲስኩ ጤናማ ሳለ መጻፍ ይሻላል። እኔ የቀረችኝን 11 ሰዓት ዛሬ በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ። የእኚያ እናት ድምፅ ግን በውስጧ የለም።